ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፤ የዘመቻ ትርፍና ኪሣራ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው የተምጫን ወንዝ ይሻገራል። በዚህ ወንዝ ላይ በ1877 ዓ.ም. ገደማ ሳሊምቤኒ የተባለ ጣልያናዊ ለጎጃሙ ንጉሥ ድልድይ ሠርቶላቸው ነበር። ንጉሡ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ስማቸው በትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚነሣው አንድም በእምባቦ ጦርነት ድል ስለ ተመቱ፣ አንድም በዐድዋ ስለ ዘመቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ ታሪካቸውን በሌላ ዐይን ልንመለከተው አሰብን። እኒህ ሰው የሰው አገር ለመያዝም፣ የጎረቤትን ከተማ ለመቅጣትም፣ የመጣውን ወራሪ ለመመለስም ዘምተዋል። ስለዚህ የዘመቻ ትርፉ ምንድር ነው? ዕዳውስ የሚከፈለው መቼ ነው? ከፋዩስ ማን ነው? ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከርሳቸው ሕይወት የተሻለ የሒሳብ መዝገብ በቅርብ አይገኝም።

የፊት ስማቸው አዳል ነው። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። የጎሹ ቤት ጎጃምንና ዳሞትን ይዞ የኖረ ቤት ነበር። አዳል የተወለዱት በ1840 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ገና ሕፃን ሳሉ አያታቸው በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ላይ ከካሣ ኃይሉ ጋር፣ ማለት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋር ሲዋጉ ሞቱ። አጐታቸው ደጃዝማች ብሩ ጎሹም ተይዘው ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በእስራት ማቀቁ። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ሹመትን ከጦር ለይቶ ሊያየው አይችልም። አዳልም ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ በዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዘመን ተሾሙ፤ ተወዳዳሪያቸውን ደስታ ታድላን አሸነፉ፤ በመጨረሻም ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው ራስ ተባሉ። ይህን ሁሉ በአጭሩ ማለፋችን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን በደብረ ታቦር አነገሡዋቸው። ስመ መንግሥታቸው ተክለ ሃይማኖት፣ ማዕርጋቸውም ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ሆነ። አንባቢያችን እዚህ ላይ ጥቂት እንዲቆም እንለምናለን። ጎጃም በእጃቸው ነበር፤ ከፋ ግን አልነበረም። ከፋ ከአባይ ማዶ ብዙ ቀን የሚያስኬድ፣ የራሱ ንጉሥ ያለው አገር ነበር። የጎጃሙ የጦር አለቃ ራስ ደረሶ ወደዚያ እየዘለቁ ግብር ይጠይቁ ነበር እንጂ አገሩን በሹም አልያዙትም። ስለዚህ ያ ዘውድ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ የዘመቻ ትእዛዝ ነበረ። ያልተያዘ አገር ስም በማዕርግ ላይ መጨመር ለሰጪው ምንም ወጪ የለውም፤ ተቀባዩ ግን ሳይዘምት የማይወጣው ዕዳ ይገባል። ያንኑ አገር ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለንም። ሁለት ኃያላን ገባሮች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ፣ ከላይ ለተቀመጠው ዕረፍት ነውና።

ለመሆኑ ከአባይ ማዶ ምን ነበር? ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ደግሞም ሳንሸሽግ እንናገረው፣ እንደ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። ይህ ሁሉ ከከፋና ከእናርያ ተነሥቶ በጉዱሩ ገበያ በአሰንዳቦ ያርፋል፤ አባይን ተሻግሮ ወደ ባሶ ይገባል፤ ከዚያም በጎጃም አልፎ ጎንደር ይደርሳል፤ ከጎንደር አንዱ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው ወደ መተማ ይሄዳል። በምላሹ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ቡሬ ከወለጋ ወገን ለሚመጣው በር ናት፤ ዛሬም የነቀምት መንገድ የሚነሣው ከዚያው ነው። ነጋዴው በየበሩ ቀረጥ ይከፍላል፤ ቀረጡም የጎጃምን ገዥ ቤት ይሞላል።

እንግዲህ ልብ እናድርግ። ይህ ነጋዴ ማንም ሳይዘምትለት ይመጣ ነበር። ዘመቻው የሚጨምረው ነገር ቢኖር ቀረጡን ከሁለቱም የወንዝ ዳር መሰብሰብና ሸዋ እንዳይቀድም መከልከል ነው። ወደ ጦርነት የሚነዳው ይህ ፍርሃት ይመስለናል። ሰው ካለው ላይ ለመጨመር ከሚዋጋው ይልቅ፣ እኔ ካልወሰድሁት ሌላው ይወስደዋል ብሎ የሚዋጋው ይበዛል።

ሌላም ምክንያት ነበር፤ ይኸውም የወታደሩ ኑሮ ነው። የዚያ ዘመን ወታደር በወር የሚቈጠርለት ደመወዝ አልነበረውም። በሰላም ጊዜ ገበሬ ቤት ገብቶ ይቀለባል፤ በዘመቻ ጊዜ ከምርኮ ይካፈላል። የማይዘምት ጌታ ጭፍራው ወደሚዘምተው ጌታ ይሄድበታል። ገዥው ጦርነት ባይወድ እንኳ ጦር ይዞ መኖሩ ራሱ ወደ ጦርነት ይገፋዋል ማለት ነው። ገበሬውን ያየን እንደ ሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የዳሞትና የጃቢ ጠህናን ገበሬ እህሉን ያዋጣል፤ ሚስቱ በሶና ድርቆሽ ታዘጋጃለች፤ አህያው ለጭነት ትወሰዳለች፤ ልጁ ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ ይከተላል። ምርኮው ሲመጣ ደግሞ ክፍፍሉ የሚቆመው ከጌቶችና ከጭፍሮቻቸው ዘንድ ነው። ጦርነቱ ይሁን ብሎ የሚወስነው ሰውና ዋጋውን የሚከፍለው ሰው በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም።

የሸዋው ራስ ጎበና ከራስ ደረሶ ጋር በአንድ ምድር ላይ ግብር መሰብሰብ ሲጀምሩ ነገሩ ወደማይቀረው ደረሰ። ሁለቱ ነገሥታት በግንቦት ወር መጨረሻ 1874 ዓ.ም. በጉዱሩ ውስጥ በእምባቦ ተጋጠሙ። ወሩን ልብ ይሏል። ግንቦት ሲያልቅ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለበቆሎና ለዳጉሳ ማሳውን የሚያርስበት፣ ለጤፍም መሬቱን የሚደጋግምበት ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ግን ብዙው ጕልበት ከአባይ ማዶ ነበር። ውጊያው ብርቱ ነበር፤ በመጨረሻ የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኞች የጎጃምን ጦር ሰበሩት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ምኒልክ ቍስላቸውን አሳክመው በክብር እንደ ያዙዋቸው ታሪክ ይመሰክራል። ከነርሱ መካከል ማንም ያልጠየቀው የጉዱሩ ገበሬ ግን ሁለት ጦር በማሳው ላይ ተላልፎበት ቀረ።

ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዴ ተዋጋችሁ ብለው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። እንግዲህ የጎጃሙን ሒሳብ ብንደምር ከፋን ለመጨመር የወጡት ንጉሥ ከቡሬ ጋር ድንበር የሚካፈለውን አገው ምድርን ሰጥተው ተመለሱ። የበለጠው ኪሣራ ግን ቀስ ብሎ የመጣው ነው። ከእምባቦ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች፤ ቡናውና የዝሆን ጥርሱም በሐረር በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ጀመር። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ተፈጸመ። የባሶ ገበያ የቀድሞ ስሙን ይዞ ቀረ።

ከእምባቦ በኋላ የነበሩት ጥቂት ዓመታት ለጎጃም የዕረፍት ዓመታት ነበሩ፤ የተምጫው ድልድይ የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ድልድዩ ሲሠራ የሞተ ጦር፣ የተቃጠለ መንደር የለም። ክረምት ከበጋ ነጋዴና ገበሬ የሚሻገርበት ነገር ተገኘ። ንጉሡም ቢሆኑ ከሚጨምሩት አገር ይልቅ ከሚያሻግሩት ነጋዴ የሚያገኙት ቀረጥ እንደሚበልጥ ለማስተዋል ዕድል ነበራቸው። ድልድይ ሠሪው ሳሊምቤኒ ግን ሥራው በድልድይ አላበቃም። በ1879 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ሊመለስ ሲል በራስ አሉላ እጅ ወደቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ከምኒልክ ጋር ሊከራከር የጣልያን መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ መጣ። በዚያ ዘመን ጣልያን መሐንዲስ የምትልከው ድልድይ ብቻ እንዲሠራ አልነበረም።

ዕረፍቱን ያፈረሰው የመተማ ነገር ነው። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ በተዋዋሉት መሠረት በሱዳን የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ለማሳለፍ ተስማሙ፤ ለዚህም ከግብፅ የያዘችውን የቦጎስን አገር መልሰው አገኙ። በዚህ ምክንያት የመሐዲ ተከታዮች፣ በአገራችን አጠራር ደርቡሾች፣ ጠላት ሆኑ። በመተማ የተቀመጠው አሚራቸው ወድ አርባብ ድንበር እያለፈ ይዘርፍ ነበር፤ የማኅበረ ሥላሴ ገዳምም ከተጎዱት አንዱ ነው። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብዙ ጦር ይዘው ወረዱና ወድ አርባብን ገደሉ፤ ከተማውን አቃጠሉ፤ ሴቱንም ሕፃኑንም ማርከው ተመለሱ።

ይህ ዘመቻ አገርን መጠበቅ ነው የሚል ሰው ግማሽ እውነት አለው። ወራሪን አሚር መምታት አንድ ነገር ነው፤ የገበያ ከተማ አቃጥሎ ሴትና ሕፃን መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም የተቃጠለው ገበያ የማን ነበር? ከጎጃም የሚወጣው ቡናና ሰም ወደ ሱዳን የሚሸጠው በመተማ ነው። ንጉሡ የጠላታቸውን ከተማ ሲያቃጥሉ የገዛ ነጋዴያቸውን ሱቅ አቃጠሉ። በ1902 ዓ.ም. ገደማ ኖርማን ኤንጅል የሚባል እንግሊዛዊ በንግድ የተሳሰሩ አገሮች ቢወራረሩ አሸናፊውም እንደሚከስር በሰፊው ጽፎ፣ በኋላም የኖቤልን የሰላም ሽልማት አግኝቷል። መጽሐፉ የተጻፈው ለሎንዶንና ለበርሊን ባንኮች ነበር፤ የመተማ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም ነበር።

የመተማው ሒሳብ በልክ አንድ ዓመት ቈይቶ መጣ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የደርቡሽ ጦር በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ የጎጃምን ጦር ሰባበረው። ከንጉሡ ቤተ ሰብ ሳይቀር ሰዎች ተማረኩ። ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው እየነዱ ወደ ሱዳን ወሰዱ። መተማን ያቃጠለው የጎጃም ጦር ነበር፤ ዕዳውን የከፈለው ግን የጎንደር ሰው ሆነ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አዘኑ፤ ብቻዬን ተውኸኝ የማለት ስሜት ነበራቸው። ከምኒልክም ጋር መላላክ ጀመሩ። የእምባቦ ባላጋራዎች በስድስት ዓመታቸው ወዳጅ ሆኑ ማለት ነው። ዐፄ ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ ወደ ደርቡሽ ወይም ወደ ምጽዋ ሊያዞሩት የሚገባውን ጦር በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎጃም አዞሩት። ተክለ ሃይማኖት ጀበላ አምባ ላይ ወጡ፤ ሠራዊቱ ግን አምባ በሌለው ገበሬ ላይ ሰፈረ።

እዚህም ላይ ወሩን እንመልከት። ሠራዊቱ በጎጃም የቈየው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወራት እሸቱ ይደርሳል፤ ዳጉሳው ይታጨዳል፤ ጤፉ ይከመራል። በእምባቦ ዘመን የታረሰው መሬት ጦም አደረ፤ አሁን ደግሞ የታጨደው እህል ሳይወቃ ተበላ። በዝርፊያው የተጎዳው አገር ብዛት እስከ ዛሬ በጎጃም ሽማግሌዎች ዘንድ ሲወራ የኖረ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው በኋላ እንደ ተጸጸቱ ይነገራል። ሁለቱ በጥር አካባቢ ታረቁ፤ የሁለት ጌቶች ዕርቅ በአንድ ቀን አለቀ፤ የጎተራው ባዶነት ግን ለዓመታት ዘለቀ።

ከዚህ ቀደም ብለው ዐፄው ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሐሳቡም ሁለታችን ከምንጠፋፋ በጋራ የአውሮፓን ሰው እንመልስ የሚል ነው። ደርቡሾቹ አልተቀበሉትም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ ቈሰሉና ሞቱ። ደርቡሾችም ቢሆኑ ያተረፉት አልነበረም። አቡ አንጃ ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሞቷል፤ በሱዳንም በዚያው ዓመት ብርቱ ረኀብ ሆነ። ትርፉን የሰበሰበው በዚያ ሜዳ ላይ ያልነበረ ሦስተኛ ሰው ነው። ጣልያን በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ተፈራረመች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከረንንና አስመራን ያዘች፤ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከደርቡሾቹ እጅ ከሰላን ወሰደች። ጎረቤታሞች ሲቃጠሉ ቤቱን የሚሞላው እሳት ያላነደደው ነበር።

ከምጽዋ የመጣው ሰው ብቻም አልነበረም። ለጣልያን ጦር ቀለብ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር የከብት በሽታ ገብቶ በ1880 እና በ1881 ዓ.ም. አገሩን እንዳዳረሰው ይታመናል። የፍኖተ ሰላምን አካባቢ የሚያውቅ ሰው በሬ ያጣ ገበሬ ምን እንደሚሆን አይስተውም። ጕልበት ቢኖረው፣ ዘር ቢኖረው፣ ዝናብ ቢመጣለት በአካፋ የሚቈፍረው መሬት ቤተ ሰቡን አይቀልብም። ያ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። አንድ ወራሪ ጦር የሚያመጣውን ወጪ ሰው የሚገምተው በጥይትና በሬሳ ነው፤ በወታደር ስንቅ ውስጥ ተደብቆ የሚገባውን ግን ማንም አስቀድሞ አይቈጥረውም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ ለምኒልክ ገቡ። ጣልያን በግልጽ በመጣች ጊዜም የጎጃምን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተሰለፉ። በሕይወታቸው ከተዋጉት ጦርነቶች ሁሉ ቀረጥም፣ ማዕርግም፣ የሰው ገበያም ያላሰቡበት ይህ ነው ብንል አናጋንንም። የጣልያኑን ወገን ሒሳብ ብናይ ደግሞ የእምባቦውን ይመስላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ለአገሩ ክብርና ለስደተኛው ገበሬ መሬት እሰጣለሁ ብሎ ሲደግስ ቈይቶ፣ በአንድ ጥዋት ብዙ ሺህ ወታደር አጥቶ ከሥልጣኑ ወረደ። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ጣልያን የውጫሌን ውል ሰርዛ የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች፤ ለምርኮኞቹም ቀለብ ዐሥር ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። ገንዘቡን የከፈለው ክሪስፒ አይደለም፤ የሲሲሊና የካላብሪያ ግብር ከፋይ ነው። ያ ሰው በዳሞት ካለው ገበሬ ጋር ቢተዋወቅ ኖሮ ብዙ የሚያወጉት ነገር ነበራቸው።

ይህ ትምህርት ግን ለሮም ቤተ መንግሥት አርባ ዓመት እንኳ አልቈየለትም። በ1928 ዓ.ም. እንደ ገና መጡ፤ በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ቡሬን ለቀው በዚሁ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሹ። የዛሬዋ ከተማ ስም ትርጓሜው የሰላም መንገድ ነው፤ መንገዱ ግን ለብዙ ዘመን ይበልጥ የሚያውቀው ዘማች ነበር።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ከአባይ ማዶ ሊጨምሩ የደከሙለት ጎጃም ከሞታቸው በኋላ በምኒልክ ፈቃድ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ የሚለው ማዕርግም ከእሳቸው በኋላ ባለቤት አላገኘም። ከአባይ ማዶ ዘመቻዎች ለጎጃም የቀረውን ቋሚ ጥቅም ስንፈልግ እኛ ያገኘነው አንድ ሰው ነው። ከዚያ ማዶ የሆሮ ጉዱሩ ልጅ ሆኖ፣ በልጅነቱ በጎጃም ወታደሮች ተማርኮ አባይን የተሻገረ፣ ንጉሡ በክርስትና አባትነት ያስጠመቁት ልጅ ነበር። አድጎ የተዋጣለት ሠዓሊ፣ የቤተ ክርስቲያንም ሊቅ ሆነ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ይባላል፤ የማራኪዎቹን አገር ታሪክ፣ የንጉሡንም ዘር ከነዘመቻቸው ጽፎ ያቈየልን እርሱ ነው።